ዛሬ ስንት ገባ?

ግንቦት ውስጥ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የድሬዳዋን ከዚራ ሰፈር በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕዳ የሚያሳድደው ነው። አገሬው ገብቷል። ሱቁ ተዘግቷል፤ ባጃጁ ከኒም ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ እግሩን ከመሪው በላይ ሰቅሎ ያንኮራፋል፤ ውሻው እንኳ ጥላዋ ፈቀቅ ስትል አብሯት ፈቀቅ እያለ ይተኛል። እኛ ድሬዎች ሙቀትን አንታገለውም፣ መንገድ እንለቅለታለን። ከተማዋን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻውን ሲዞርባት ይቆይና ወደ 10 ሰዓት ግድም ሲሰለቸው ይወጣል። ያኔ ሽርጣችንን አጥብቀን፣ ፊታችንን ታጥበን ብቅ እንላለን።

እኛ ቤት ግን በዚህ ሰዓት የማይተኛ አንድ አለ። ጠረጴዛዬ ሥር ሆኖ ያጓራል።

የምተዳደረው በሠርግ ቪዲዮ ነው። ካሜራ የያዙት ልጆች የሠርጉን ውሎ አምጥተው ይዘረግፉልኛል፤ እኔ ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ ዘፈን አልብሼ ለባለቤቶቹ አስረክባለሁ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰኔ ጾም ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። የድሬ ሙቀት የሚበረታውም በዚያው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ይህን ያቀናጀው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ግን አይደለም። በሥራችን ከሁሉ የሚከብደው ሬንደር የሚባለው ነው። ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ ያንን የተቆራረጠ ምስል፣ ዘፈኑን፣ አበባውን፣ የሙሽሮቹን ስም ሁሉ አንድ ላይ ቀቅሎ አንድ ፊልም አድርጎ የሚያወጣበት ሰዓት ነው። ቀቅሎ ያልኩት አውቄ ነው።

አንድ ሌሊት ሬንደሩ 83 ከመቶ ደርሶ ነበር። እኔ ግቢ በተዘረጋው አልጋ ላይ ጋደም ብዬ በመስኮቱ እከታተላለሁ። ሙሽራው ኬኩን ሊያጎርሳት እጁን ዘርግቷል፤ እሷም አፏን ከፍታለች። ድው። ስክሪኑ ጠቆረ። መብራት ሄደ እንዳልል የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። እንደገና አስነሳሁት፣ እንደገና ጀመርኩ፤ በ79 ጠፋ። በማግስቱ ሌሊት በ81። ሙሽሪት ሁለት ሌሊት አፏን እንደከፈተች አደረች።

ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ባለቤቴ ገመዱ ነው አለች። እኔ ቫይረስ ጠረጠርኩ፤ የማናውቀው ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው። ጎረቤታችን ምስሏን አየት አድርጋ፣ «ቡዳ ነው፤ ልጅቷ እኮ ታምራለች» አለች። እናቴ ደግሞ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «አናቱ ላይ ቅቤ ጣል አድርጉለት፣ ራሱን አሞት ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

በመጨረሻ ሳቢያን አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ ለመንኩ። ዝም ብሎ ገባ፤ የሳጥኑን ጎን በመዳፉ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። «ወሪያ፣ ይሄ እኮ በትኩሳት ነው የምታሠራው» አለኝ። ለዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ከሳምንት በኋላ እከፍተዋለሁ ብሎ፣ እስከዚያ እንድከታተለው አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጭኖልኝ ሄደ። ፕሮግራሟ ስክሪኑ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ አንድ ቁጥር ታሳያለች፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት። ከሥሯ ደግሞ ማራገቢያው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የምትናገር ሌላ ቁጥር አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላሜን አጣሁ።

ጧት ስነሳ ከቤተሰቡ ጋር እንዴት አደራችሁ ከመባባሌ በፊት ቁጥሩን አያለሁ። ገና ሲነሳ 44 ነው። ፌስቡክ ስከፍት 53። የሠርጉን ምስል ዘርግቼ ማየት ስጀምር 70 ያልፋል። ሬንደር ስጀምር 88፣ 91፣ 94። ማራገቢያዋ ከ1,100 ተነስታ 2,900 ትገባለች፤ ድምፅዋ ጠዋት እንደ ንብ ከሆነ ማታ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ለሠላሳ ዓመት የድሬን ሙቀት ተሸክሜ ስኖር ስንት ዲግሪ እንደሆነ አስቤ አላውቅም፤ «ዛሬስ ሞቀ» ካልኩ በቃኝ። አሁን ግን አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ልቤ አብራ ትጨምራለች።

በዚህ መሐል ነው አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ የደወሉት። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ድሬ ከመጡ ዘመን አልፏል፣ ሲደውሉ ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አይለወጥም።

«ሙቀቱ እንዴት ነው ልጄ?»

ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። «ዛሬ ደህና ነው እትዬ፣ 82 ነው የገባው። ትናንት ማታማ 94 ደርሶ ነበር።»

«94?»

«አዎ። በራሱ ጊዜ ጠፋ እንጂ ይቃጠል ነበር።»

«ማነው የጠፋው?» ብለው ጮኹ። መስመሩ ተቆረጠ። እኔም ሬንደሬ ላይ ነበርኩና መልሼ አልደወልኩም፤ ይህ ጥፋቴ ነው። እስኪመሽ ድረስ አራት ዘመድ ደወለ። አንዱ ባቡሩ ስለሚሠራ ዛሬውኑ ውጡ አለን። አንዷ አለቀሰች። ያልተደናገጠው ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። «82 እኮ ደስ የሚል አየር ነው፣ ምን ሆናችኋል?» አለ። ለካስ አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት በፋራናይት ኖሯል፤ የእነሱ 82 የኛ 28 ነው። ትናንት 94 ነበር ብለው ሲነግሩት ደግሞ «እሱማ ድሬ ነዋ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እውነቱን ነው፤ የእነሱ 94 የኛ 34 ተኩል ግድም ነው፣ ማለትም የግንቦት ተራ ከሰዓት። ከዘመዶቼ ሁሉ የከተማዬን ሙቀት በትክክል የተናገረው በተሳሳተ መለኪያ የቆጠረው ሆነ።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ኮምፒውተር ሙቀት የማነበው አላጣሁም። ፕሮሰሰር የሚባለው ነገር ከነሽፋኑ የክብሪት ቀፎ አያክልም፤ ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው የሲሊከን ስባሪ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በዚያች ጥፍር ላይ ግን 65 ዋት፣ ሲብስም ከዚያ በላይ፣ ኃይል ይነድባታል። ኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3,500 ዋት ይበላል፤ ግን ስፋቱን አስቡት። ሒሳቡን ስሠራው በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ የኔ ኮምፒውተር ላይ ከምጣዱ 20 እጥፍ በላይ ኃይል ይነድበታል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት፣ «ታዲያ እንጀራ አይጋግርም» አለች፤ መልስ የለኝም።

ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው 100 ዲግሪ ግድም ነው። እዚያ ሲቃረቡ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም አልበቃ ካለ ይጠፋሉ። እኔ በሽታ ያልኩት ለካስ ብልሃት ነው። ሲሞቀው ሥራ የሚቀንስ፣ ሲበዛበት ዘግቶ የሚተኛ፤ ፋብሪካው የትም ይሁን የት ጠባዩ የድሬ ነው። ሁሉም እንዲህ ብልህ አልነበሩም። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የሚባሉ ኮምፒውተር ፈታሾች እየሠራ ካለ ፕሮሰሰር ላይ ማቀዝቀዣውን ድንገት አንስተው በቪዲዮ አሳይተው ነበር። የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ተንቀራፈፈ እንጂ አልሞተም። የኤኤምዲው አትሎን ግን ወዲያው ጨሰ። ለእንግዳ «በቀትር አትውጣ» ብሎ የሚመክረው ሰው ከሌለ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ማራገቢያውን የሚመለከተው ነው። ማራገቢያ አየር አያቀዘቅዝም፤ ያገኘውን አየር ያንቀሳቅሳል፣ ያ ነው ችሎታው። ክፍሉ ውስጥ ያለው 35 ከሆነ ፕሮሰሰሩን ወደ 35 ለማውረድ ይሞክራል እንጂ አንዲት ዲግሪ ከዚያ በታች አያወርድም። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 70 ላይ የሚሠራ ማሽን ድሬ ሲመጣ ያው ሥራ 85 ያደርሰዋል፤ የአገሩን ልዩነት በራሱ ላይ ይደምራል። እኛ ቬንትሌተር ፊት ስንቀመጥ የሚበርደን ላብ ስላለን ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተር አያልበውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ አዘንኩለት፤ ቀትር ላይ ላብ የሌለው ፍጡር ድሬዳዋ ምን ሊሠራ መጣ?

ማዘኔ ግን ቤቱን በጠበጠው። ሁለት ቬንትሌተር ነው ያለን። ሳሎን ጣሪያ ላይ ያለው በጣም ከመንቀርፈፉ የተነሳ ዝንብ ክንፉ ላይ ተቀምጣ ከጥግ እስከ ጥግ ትጓዛለች። የሚረባው ቋሚው ነው፤ እሱም ከምሳ በኋላ የእናቴ ነው፣ ይህ ሕግ ነው። አንድ ቀን ቁጥሩ 93 ሲል አላስቻለኝም። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትቼ ቬንትሌተሩን ከእናቴ ላይ ቀስ ብዬ ወደ እሱ አዞርኩት። ወዲያው 90፣ 88፣ 85። በደስታ ላጨበጭብ ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«የወለደህ ማነው፣ እኔ ነኝ እሱ?»

«እማዬ፣ 93 ገብቶ እኮ ነው።»

«እኔ ስንት ገብቻለሁ?»

ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «ለኛም ከሰዓቱ አጠገብ ቁጥር ቢያስገባልን ኖሮ ይነፋልን ነበር» አለች። ስቄ ላልፍ ብሞክርም ነገሩ ውስጤ ገባ። በአንድ ቤት ውስጥ አምስት ነን የምንሞቀው፤ ቬንትሌተር ያገኘው ግን ቁጥር ያለው አንዱ ነው። እናቴ የሰባ ዓመት ሰው ናት፤ ስክሪን የላትም።

እዚህ ላይ አባቴን አሰብኩ። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ከኩሽኔታ ጋር ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ የፉርጎ ኩሽኔታ ቅባቱ ካለቀ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ጎማ እንደፈነዳ መኪና ጠርዝ ይዞ መቆም የለም፣ መዘዙ ለባቡሩ በሙሉ ይተርፋል። ስለዚህ ባቡር ጣቢያ ሲገባ እየዞረ የኩሽኔታውን ሳጥን በእጁ ጀርባ ይነካል። «እጅ ካስቻለ ይሄዳል፣ ካላስቻለ ይቆማል» ይለን ነበር፤ ሙቀት መለኪያው ይህ ነበር። ማታ ቤት ሲገባም በዚያው እጅ የእኛን ግንባር ይነካል። ኩሽኔታውንም እኛንም በአንድ መለኪያ ይለካ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ስለ ባቡር ካነሳሁ አይቀር፣ ይህች ከተማ ራሷ እኮ በአንድ ማሽን ምክንያት ነው እዚህ የተቀመጠችው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር። ከእኛ ወደ ሐረር ለመሄድ ግን ደንገጎን መውጣት አለ፤ ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባቡሩን ያንን ተራራ ማስወጣት ገንዘብ የሚጨርስ ሆኖ ሲገኝ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ፣ ሰፈሩም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚያም መስመሩ ሐረርን በጎን ትቶ ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አስቡት እንግዲህ። ከላይ ሐረር ነፋሻ አየር ላይ ተቀምጣለች፤ ከታች ማሽኑ ዳገት ከብዶት ቆሟል። ማሽኑ ወደ ሰው ስላልወጣ ሰው ወደ ማሽኑ ወረደ፤ ወርዶም ሙቀቱን ለመደ። አያቶቼ ለባቡር ብለው የሞቃቸውን እኔ ለኮምፒውተር ብዬ እሞቀዋለሁ፤ በዘር የመጣ ነው።

ደንገጎ እስከ ዛሬ መኪና ያፈላል። ልጅ ሆነን ወደ ሐረር ስንሄድ አሮጌዎቹ ፔዦ 404ዎች መንገድ ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ሲተፉ እናይ ነበር። ሾፌሩ ጄሪካን ይዞ ይቆማል፤ ወዲያው ውሃ አይጨምርም፣ ይታገሳል። ሬንደር የኮምፒውተር ደንገጎ ነው። እኔ ግን ጄሪካን የለኝም፤ ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሯም ታታልላለች። አንድ ሌሊት ፕሮግራሟን ሰፋ አድርጌ ስከፍታት ከታች ያላየሁት መስመር አገኘሁ፤ 127 ዲግሪ ይላል። ገመዱን ነቀልኩ። ጠጋኙን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ስነግረው ሳቀብኝ። እዚያ ቦታ ላይ የሙቀት መለኪያ አልተገጠመም፤ ፕሮግራሟ ከባዶ ሽቦ ነው የምታነበው። 127 ደግሞ በስምንት ቢት፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክትን ጨምሮ፣ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። ማለትም ማንም የሌለበት ቤት ገብታ፣ ማንም ሲያጣ የመጨረሻውን ትልቁን ቁጥር ጠርታ መውጣቷ ነው። «አቦ ተኛ በቃ» አለኝ። የፈራሁት በሌለ ነገር መሆኑ ቢገባኝም፣ ገመዱን የመለስኩት ሲነጋ ነው።

ቅዳሜ ልጁ መጣ። ሳጥኑን ግቢ አወጣነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከበበው። የማራገቢያውን አራት ብሎን ፈትቶ ሲያነሳው ከሥሩ የአልሙኒየም ክንፎቹ ሊታዩ ይገባ ነበር፤ አልታዩም። እንደ ባዘቶ የተደመደመ ግራጫ ነገር ነው የሸፈናቸው። በጥፍሩ ይዞ ሲጎትተው እንደ ድሪቶ ሙሉውን ተነሳ፤ የግቢያችን አቧራ፣ የልጄ ፀጉር፣ የኒም ቅጠል ስባሪ፣ ያለፈው ዓመት የሠርግ ብልጭልጭ ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦበታል። ማራገቢያዋ በደቂቃ 2,900 ጊዜ የምትዞረው ለካስ ብርድ ልብስ ለማራገብ ነበር።

ጉዱ ገና ነበር። አልሙኒየሙን ከፕሮሰሰሩ ሲያላቅቀው ጣት ካልነካው የማይታመን ነገር አሳየኝ። ሁለቱ መሐል ፔስት የሚሉት ቅባት ይደረጋል። ብረት ከብረት ጋር ቢጣበቅም ዓይን የማያየው ክፍተት ይኖራል፤ ክፍተቱን አየር ይሞላዋል፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ቅባቱ ያንን ክፍተት ሞልቶ ሙቀቱን ወደ አልሙኒየሙ ያሻግራል። የኔው ከዓመታት ብዛት ደርቆ እንደ ቡሆ ዕቃ ቅርፊት ሆኗል። ልጁ በጨርቅ ወለወለው፤ ፕሮሰሰሩ እንደ መስተዋት አበራ። ከዚያ ከአንዲት ቀጭን መርፌ መሳይ ቱቦ ነጭ ቅባት ጨመቀና የምስር ፍሬ የምታህል፣ ልክ አናቱ መሐል ላይ፣ ጠብ አደረገለት።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ጠጋ ብላ አየች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ባለቤቴን፣ አንዴ ጎረቤቷን ተመለከተች።

«ምን ብዬ ነበር?»

ማንም አልመለሰላትም። ልጁ ብቻ ነገሩ ሳይገባው፣ «ብዙ አይደረግም እናቴ፣ ከበዛ ይፈሳል» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «በቅቤውም ያው ነው፤ ግንባር ላይ ይወርዳል።»

ያን ዕለት ማታ ሬንደሩን ጀመርኩ። 60፣ 66፣ 70፣ 71። እዚያው ቆመ። ማራገቢያዋ 1,700 ላይ ናት፤ የግቢው ሰው እያወራ ይሰማኛል። 83 ከመቶ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሙሽራው አጎረሳት፣ አኘከች፣ ዋጠች፣ እንግዳው እልል አለ። ከሳምንት በኋላ ነው የተጎረሰችው። ቬንትሌተሩ ወደ እናቴ ተመልሷል።

ስልክ ጮኸ። አክስቴ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ሐዘን ቤት ዝቅ ብሏል።

«ዛሬስ ስንት ገባ?»

«71 እትዬ!»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ዝናብ ጣለ እንዴ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«የምን ዝናብ እትዬ፣ አናቱን ቅቤ ቀብተነው ነው!»

ከወዲያ በኩል ለረዥም ጊዜ ድምፅ ጠፋ።

«ማንን?» አሉ አክስቴ።